ግንበኛው ሲቀመጥ

ሰኞ

ይህን ደብተር የሰጠችኝ አዲሷ አሰልጣኝ ናት። «አባባ፣ ከልምምድ በኋላ ስለ ልጆቹ ትንሽ ትንሽ ይጻፉልኝ። ማን ሮጠ፣ ማን አኮረፈ፣ ማን አለቀሰ» አለችኝ። እሺ አልኩ። እጄ ቱንቢ እንጂ እርሳስ አልለመደም። ፊደል ያስቆጠረችኝ የልጄ የሚጢ እናት ናት፣ ነፍሷን ይማር፤ ያውም ጺሜ ከሸበተ በኋላ። ስሳሳት ትስቅብኝ ስለነበር ሰው ፊት ለመጻፍ እስከ ዛሬ አፍራለሁ። አሁን የሚስቅብኝ የለም፣ እጽፋለሁ። ለአሰልጣኟ ግን አላሳያትም። በዕድሜዬ ለማንም ሪፖርት አቅርቤ አላውቅም።

ዛሬ አራቱም ለሚመጣው የሩጫ ውድድር ሊለማመዱ መጡ። ዳኛው፣ ያየውን ሰው ሁሉ «ፋውል» እያለ የሚቀጣው ነው፤ ባለፈው የሰፈሩን ቄራ ሠራተኛ ከነቢላዋው ቀጥቶታል። ቢሆንስ፣ ነገር ሁሉ የሚያሰጋው፤ «ዝናብ ቢመጣስ? ሜዳው ቢጠፋስ?» ሲል ይውላል። ረጅሙ፣ ሲሮጥ ጉልበቱ አገጩን ሊመታው ምንም የማይቀረው። እና ሚጢ፣ የእኔዋ። ሃያ ዓመት አልፏትም ሚጢ ናት። አእምሮዋ ዝግ ያለ ነው፤ እግሯ ግን አይደለም።

ሮጡ። ማንም አላለቀሰም።

ረቡዕ

አሰልጣኟ ፊሽካ ይዛ መጣች። ነፋች፤ ረጅሙ ቀጥ አለ። ከመንገዱ ማዶ ትራፊክ ፖሊሱ ነፋ፤ ረጅሙ አሁንም ቀጥ አለ። ዳኛው ለትራፊኩ ቢጫ ካርድ አወጣለት። ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

የእኔ ደንብ ፊሽካ አያስፈልገውም። እኛ ሥራ ላይ ዋናው ግንበኛ በእግሩ እስካለ ድረስ ሲሚንቶ አቡኪውም ድንጋይ አቀባዩም ይሠራል። ዋናው ቁጭ ካለ ሥራው አበቃ፣ ሁሉም የያዘውን ጥሎ ወደ እሱ ይሰበሰባል። መጮህ፣ መለፍለፍ የለም። ልጆቹንም ያስተማርኳቸው ይህንኑ ነው። ከሜዳው ግድግዳ ሥር በርጩማዬ አለች። ግድግዳውንም የገነባሁት እኔ ነኝ፣ ያኔ አጥንቴ ሙሉ ሳለ። ልጆቹ ሲሮጡ እንደ ጫጩት በየጥቂቱ ዞር እያሉ ያዩኛል። ቆሜ ካገኙኝ ይሮጣሉ። በርጩማዬ ላይ ከተቀመጥኩ የትም ይሁኑ የት ትተውት ይመጣሉ። አንድ ጊዜ የአጥሩ በር ተከፍቶ ረጅሙ ወደ መኪናው መንገድ ሲገሰግስ ቁጭ አልኩ፤ ዞር ብሎ አየኝና ተመለሰ። ፊሽካ ቢሆን ኖሮ ረጅሙን ዛሬ በፎቶ ነበር የምናየው።

ይህን ለአሰልጣኟ ነገርኳት። በትዕግሥት ሰማችኝ። ትዕግሥቷን አልወደድኩትም።

«አባባ፣ እርስዎ የሌሉ ቀንስ?»

«የት እሄዳለሁ?»

ቢሆንስ ጆሮውን ጥሎ ኖሮ «አባባ ቢቀመጥስ? የውድድሩ ቀን ቢቀመጥስ?» አለ።

«አልቀመጥም» አልኩት። ሥራ ላይ ያለጊዜው ተቀምጬ አላውቅም።

ዓርብ

ጫማዬ ጠበበኝ። ዝናቡ ቆዳውን አኮማትሮት ይሆናል። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው አይቶ «አንተ ሰውዬ፣ ጫማህ መች ጠበበ፣ እግርህ ነው የሰፋው» አለኝ። «አንተ ሱሪ እንጂ ጫማ ምኑን ታውቃለህ» ብዬው አለፍኩ። ማሰሪያውን ፈትቼ ሄድኩ። ዳኛው «ማሰሪያ፣ ፋውል» አለኝ።

እሑድ ማታ

ትልቋ ልጄ መጥታ ዋለች። ስለዚያ ቤት ደግማ አነሳችብኝ። እንደ ሚጢ ያሉ ልጆች የሚኖሩበት ቤት ነው። መጥረጊያ ይሠራሉ፣ ጓሮ ያለማሉ፣ ጠዋት ጠዋት ስፖርት አላቸው። አንድ አልጋ ተለቆ አለ። ኃላፊዋ ውድድሩን ልታይ ትመጣለች አለችኝ።

«ሚጢን እኔ እያለሁ ለማንም አልሰጥም።»

«አባዬ፣ እኔ የምልህ እያለህ ስላለው አይደለም…» ብላ የያዘችውን ብርጭቆ ማጠብ ጀመረች። የታጠበ ብርጭቆ ነበር።

ኃላፊዋ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው አሉ። «ከአባቷ ሌላ ሰው ትሰማለች ወይ? በአሰልጣኟ ትእዛዝ ጀምራ ከጨረሰች ነገ ትምጣ» ብላለች። ትልቋ ራሷ ሚጢን እንዳትወስድ ቤቷ ሁለት ክፍል ነው፣ የባሏ እናት አልጋ ይዛ አንዱ ውስጥ ተኝታለች። አልፈርድባትም። አንዳንዴ እፈርድባታለሁ።

ሦስት ትራስ ደርቤ እንደምተኛ አይታ ለምን አለችኝ። ትራሶቹ ቀጥነዋል አልኳት። ሐኪም ቤት የሰጡህን ኪኒን ትውጣለህ ወይ አለችኝ። እውጣለሁ። የልምምድ ቀን ብቻ አልውጠውም፣ ሽንት ያመላልሳል። ሰው የያዛቸውን ልጆች እየተወ አጥር ለአጥር አይንከራተትም። በሌላው ቀን ደግሞ እረሳዋለሁ።

ስትወጣ በሩ ላይ ከልብስ ሰፊው ጋር ስትንሾካሾክ ሰማኋት። «አባዬ የሚመኘው ሚጢ ከእሱ ቀድማ እንድትሞትለት ነው» አለችው።

እንደዚያ ብዬ አላውቅም። ድምፅ አውጥቼ ብዬ አላውቅም።

ማክሰኞ

አስቤበት ለአሰልጣኟ ነገርኳት። የውድድሩ ቀን እኔ ከተመልካች ጋር እሆናለሁ፣ የሩጫው መም ላይ የምትቆሚው አንቺ ነሽ፣ ሚጢን ፊሽካውን አስለምዳታለሁ አልኳት። ፊቷ በራ። ፊሽካዋን አዋሰችኝ።

ማታ ግቢ ውስጥ ሞከርኩት። ፍስስ አለ እንጂ አልጮኸም። ተበላሽቷል። ሚጢ ከእጄ ነጥቃ ነፋችው፣ የሰፈሩ ውሻ በሙሉ ተነሣ። ልብስ ሰፊው በመስኮት ብቅ ብሎ «ቤቱ ተቃጠለ ወይ?» አለ።

ችግሩ ሚጢ ከነፋች በኋላ ራሷ ሰምታ ቀጥ ትላለች። ቀጥ ብላ ደግሞ እኔን ታያለች።

ሐሙስ

ለውድድሩ ሲባል ልምምድ ተጨመረ። አሰልጣኟ ትነፋለች። ሚጢ እኔን ታያለች። ቆሜአለሁ፤ ትሮጣለች። አሰልጣኟ ቁሚ ብላ ትነፋለች። ሚጢ እኔን ታያለች። ቆሜአለሁ፤ ትሮጣለች። ከፀሐይ በታች ይኸው ነው።

«አባባ፣ ዛሬ ቤት ቢያርፉስ? ያለ እርስዎ ልሞክራት።»

«ቤት ምን አስቀመጠኝ።»

«ለእሷ ብለው።»

«ለእሷ ምን እንደሚሻል ከእኔ አንቺ ታውቂያለሽ?»

ታግሳ ታግሳ ዛሬ ትዕግሥቷ አለቀ። «እኔን እንዳይሰሙ አድርገው ያስተማሯቸው እርስዎ ነዎት» አለችኝ። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም አልኳት፣ ልጆቹ ፊት። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ቢሆንስ «ብታለቅስስ?» አለ። ዳኛው ወደ እኔ መጥቶ ቀይ ካርድ አወጣብኝ፤ በሥራ ዘመናችን የመጀመሪያዬ ነው።

ካፈርኩ አይመልሰኝ የሚሉት እኔን ነው። አውቃለሁ ልክ እንደሆነች። እዚህ ልጻፈው እንጂ ፊት ለፊት አልላትም።

ዓርብ

ዝናብ። ልምምድ የለም። የበሩን ደረጃ ስወጣ መሃል ላይ አረፍኩ። እርጥበቱ ነው።

ቅዳሜ

ልብስ ሰፊው የሚጢን ቱታ ጨርሶ አመጣ። ሰማያዊ፣ ጎኑ ላይ ነጭ መስመር ያለው። «ካሸነፍሽ ለእኔ ምን ትገዢልኛለሽ?» አላት።

«ለአባባ ጫማ።»

«ለእኔ ነው ያልኩሽ።»

«አንተ ጫማ አለህ።»

ሲወጣ ሳቅ አፍኖት ነበር። ከዚያ ሚጢን አስቀምጬ መከርኳት። ነገ ብታይኝም ባታይኝም ሩጪ። የምትቆሚው ገመዱን በደረትሽ ስትበጥሺ ነው፤ ማንንም አትይ። እሺ፣ እሺ አለች።

«ሚጢዬ፣ ብቀመጥም እንኳ ሩጪ።»

ቀልድ መሰላት። ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«አባባ አይቀመጥም» አለች።

እሑድ

አልጽፍም።

ሰኞ ማታ

እንቅልፍ የለም፣ እጽፋለሁ።

ትናንት ገና በማለዳ ደረስን። ስታዲየሙ ሰው ብቻ ነው። አንዱ ባለሥልጣን ይነሣል፣ ይናገራል፣ ሌላው ይነሣል፣ ያንኑ ይናገራል። ፀሐይ አናት ትበሳለች። ልጆቹ ከመሙ ዳር ተሰልፈው ያዩኛል፣ እኔም ከተመልካች መሃል የመደገፊያውን ብረት ይዤ ቆሜአለሁ። አሰልጣኟ እየሮጠች መጣች። የሐሙሱን ነገር እንዳልሰማች ሆና «አባባ፣ ሩጫው እስኪጀመር ቁጭ ይበሉ። እኔ ከፊታቸው እጋርዳለሁ፣ አያዩዎትም» አለችኝ። ውሃ ሰጠችኝ። ውሃውን ጠጣሁ፣ ምክሩን መለስኩላት። ያኔ ትንሽ አርፌ ቢሆን። ያኔ አርፌ ቢሆን ኖሮ።

የሚጢ ተራ ደረሰ። አሰልጣኟ ከመነሻው አጠገብ ቆማ እጇን አነሣች። ፊሽካው ጮኸ። ሚጢ አላየችኝም። ወጣች በቃ፣ ተፈተለከች። ለመጀመሪያ ጊዜ በሌላ ሰው ትእዛዝ ወጣች። ኃላፊዋን ትልቋ አሳይታኛለች፣ ከእኔ ሁለት ረድፍ ዝቅ ብላ የተቀመጠች ባለ መነጽር ሴት። «ያቺ ሰማያዊዋ ናት?» ስትል ሰማሁ። አዎ፣ ሰማያዊዋ ናት፣ የእኔ ናት ልላት ነበር። ሚጢ ከሁሉም ቀድማለች። መታጠፊያው ጋ ደረሰች። እዚያ ላይ ልማዷ ያዛትና ዞር ብላ በዓይኗ ፈለገችኝ። አይዞሽ ልላት እጄን ከብረቱ ለቀቅኩ።

ብረቱን መልቀቅ አልነበረብኝም። ደረቴን እንደ ድንጋይ ክምር ተጫነኝ። መቀመጤን ያወቅሁት እሷ ቀጥ ስትል አይቼ ነው።

ሌሎቹ ሯጮች ሁሉ አለፏት። እሷ መሙን አቋርጣ፣ በመከለያው ገመድ ሥር ሾልካ፣ ሰው እየረገጠች መጣች። ሩጪ ልላት አፌን ከፈትኩ፣ ድምፅ አልወጣም። ከኋላዋ ረጅሙ መጣ፣ የእሱ ውድድር ገና ነበር። ዳኛው መጣ። ቢሆንስም «ቢሆንስ አላልኩም?» እያለ መጣ። አራቱም ከበቡኝ። ሰው ሳቀ። ክፉ ሳቅ አይደለም፣ የሕፃን ሥራ አይቶ የሚሳቅ ሳቅ ነው። እሱ ይብሳል።

ሚጢ እግሬ ሥር ተቀምጣ የጫማዬን ማሰሪያ ፈታችልኝ። «አባባ፣ ሥራው አለቀ?» አለችኝ።

ባለ መነጽሯ ሴት ዞር ብላ አየችን። አልሳቀችም። ራሷን ነቅንቃ ቦርሳዋን ያዘች።

የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ጣልኩ። ለሚጢ እናት ምን እላታለሁ።

ረቡዕ

ሐኪም ቤት ወሰዱኝ። ሐኪሙ ገና ጎረምሳ ነው። ልብ ነው አለኝ። ያበጠው እግሬ ነው፣ ልብ እዚህ ውስጥ ምን አገባው አልኩት። ለትልቋ በጆሮዋ የሆነ ነገር ነገራት። ለእኔ ደግሞ «አባት፣ ኪኒኑን ሳያቋርጡ። ከእንግዲህ ብዙ እንዳይቆሙ» አለኝ።

ትልቋ መኪና ውስጥ ቀበቶዬን አሰረችልኝ። ሐኪሙ ምን አለሽ አልኳት። «ድካም ነው አለ» አለችኝ። እንዲህ ስትዋሽ እናቷን ትመስላለች።

ቅዳሜ

አሰልጣኟ ሳልልካት ሄዳ ኃላፊዋን ለምናታለች። «ሚጢ ፊሽካውን ሰምታ ወጥታለች፣ አይተዋል። ያቆማት የአባቷ መውደቅ ነው፤ ማን አይቆምም?» ብላታለች። ኃላፊዋ ረቡዕ ሜዳው ድረስ መጥታ ልታያት ተስማማች።

አሰልጣኟን «እኔ አልመጣም» አልኳት። «ቤት እውላለሁ። አንቺ ብቻ ሁኚ።»

ከመቀመጫዋ ተነሣች። ከዚያ እጄን ስማኝ ወጣች። እጄን የሚስም ሰው አልወድም። ዛሬ አልከለከልኳትም።

ረቡዕ

ሚጢ ቱታዋን ለብሳ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። አንቺ ከአሰልጣኟ ጋር ሂጂ፣ እኔ እመጣለሁ አልኳት። ዋሸኋት።

ከሰዓት በኋላውን አልጋ ላይ ጆሮዬን ቀስሬ ዋልኩ። ሜዳው ከዚህ ይሰማል። ፊሽካው ተነፋ። ጸጥ አለ። ተነፋ። ጸጥ አለ። ደግ ነው አልኩ። ከዚያ ተነፋ፣ ተነፋ፣ ተነፋ፣ ሳያቋርጥ።

ማታ

አሰልጣኟ ሚጢን ይዛ መጣች። ለራሷ ወንበር ሳትጠይቅ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«መጀመሪያ እንዴት ያምር ነበር መሰለዎት አባባ። ነፋሁ፣ ሮጠች። ነፋሁ፣ ቆመች። ኃላፊዋ ራሷ ‹ጎበዝ› አለቻት። ከዚያ ሚጢ ወደ ግድግዳው አየች። በርጩማው ባዶ ነው።»

«እና?»

«ሄዳ ተቀመጠችበት።»

ገባኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን ባትነግረኝም ገብቶኛል፣ እሷ ግን ነገረችኝ። በርጩማዬ ላይ ሰው ሲያዩ ሦስቱም ሩጫቸውን ትተው መጡና ሚጢን ከበቧት። አሰልጣኟ እስኪደክማት ነፋች። ማንም አልተነሣም። ሚጢ ደግሞ ወደ በሩ እያየች ተነሺ ቢሏት እምቢ አለች። ኃላፊዋ ጥቂት ጠብቃ «ለዓመት አምጧት፤ አልጋውን የሚጠብቁ ሌሎች አሉ» ብላ ሄደች።

ለዓመት። ለእሷ ቀላል ቃል ነው።

«በርጩማውን መደበቅ ነበረብኝ» ብላ አሰልጣኟ አለቀሰች። «እንዴት አላሰብኩትም።»

«ልጄ፣ እኔም አላሰብኩትም» አልኳት። ልጄ ብያት አላውቅም ነበር።

ከሄደች በኋላ ሚጢን ጠራኋት። ልቆጣት ነው የጠራኋት።

«ለምንድን ነው የተቀመጥሽው?»

«አባባ እንዲመጣ» አለች።

በርጩማው ላይ ለተቀመጠ ሰው ይመጡለታል። እኔ ነኝ ያስተማርኳት። ተቀምጣ ጠብቃኝ ኖሯል፣ እኔ እዚህ አልጋ ላይ ጆሮዬን ቀስሬ ሳለሁ።

አልተቆጣኋትም። መብራቱን አጥፊው አልኳት።

ሰኞ

ሚጢ ያለ እኔ ከቤት አልወጣም ብላለች። ልብስ ሰፊው እስከ ሜዳው ደግፎ አደረሰኝ። «ሙሽራ አስመሰልከኝ» አልኩት። «ሙሽራ እንኳ እንዲህ አይከብድም» አለኝ።

ላፈርሰው ነው የሄድኩት፣ ያቆምኩትን ደንብ። በርጩማዬ ላይ ተቀመጥኩና ሩጡ አልኳቸው። መጥተው ከበቡኝ። ሩጡ፣ ብቀመጥም ሩጡ። ረጅሙ መሬት ላይ ቁጭ አለ። አሰልጣኟ ነፋች። በእጃቸው ይዛ ጎተተቻቸው፣ ጥቂት ሄደው ዞር ብለው አዩኝ፣ ተመለሱ። ደጋግመን ሞከርን። ድንጋይ ቢሆን ነቅዬ ደግሜ እደረድረው ነበር።

«አባባ፣ ለዛሬ እንተወው» አለች አሰልጣኟ።

ሚጢ ሰምታ ተነሣች። ከኋላዬ ዞረች፣ ብብቴ ሥር ገባች። ጉልበቷን አላውቀውም ነበር። አንሥታ ግድግዳዬ ላይ አስደገፈችኝ፣ እንዳልዘም ትከሻዬን ገፋ ገፋ አድርጋ አስተካከለችኝ። አየችኝ። በቃህ፣ ደህና ነህ የምትል ይመስል ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ሮጠች።

አሰልጣኟ «ሐኪሙ አልፈቀደም» አለች። «ዝም በይ፣ እየሮጠች ነው» አልኳት። እግሬ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ዳኛው ሳይጠራ መጥቶ ቀኝ ክንዴን ያዘ፣ ቢሆንስም ግራውን። ረጅሙ ከሚጢ ኋላ ተከተለ።

ሚጢ መታጠፊያው ጋ ደርሳ ዞር ብላ አየችን።

«ቢቀመጥስ?» አለ ቢሆንስ፣ ክንዴን አጥብቆ እንደያዘ።

«ፋውል ነው» አለው ዳኛው።